የካባው ጎርፍ ባለቤት አለው፦ ሰሞኑን ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጎጃም ስላሉት ካባዎች፣ ማለትም ድንጋይና ገረጋንቲ ተቆፍሮ ስለሚወጣባቸው ቦታዎች፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቷል። ለእኔም ሦስት ወዳጆቼ ልከውልኛል፤ ሁለቱ «ሐቁን ቁጭ አደረገው» የሚል ቃል ጨምረውበታል። ጽሑፉ ስድብ የሌለበት፣ በንጹሕ አማርኛ የተጻፈ፣ ሥራ አጥተው ለተቀመጡ ወጣቶች ከልቡ በሚቆረቆር ሰው የተዘጋጀ መሆኑ ያስታውቃል። ነገር ግን ስለ ውኃ የሚናገረው በአመዛኙ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ክረምት በገባ ቁጥር በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ የሚያርፍ ነው። እኔ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ በምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች እርከን ስቀይስ ብዙ ክረምት አሳልፌአለሁ። የአጎቴ ማሳ ደግሞ ከአንድ ካባ ሥር ይገኛል፤ ስለዚህ ከጉዳዩ የራቅሁ ታዛቢ እንዳልሆንሁ አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

በቅድሚያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጠው። እንደ ጸሐፊው አባባል ጎርፉን የሚያመጣው ዝናብና ተዳፋት ላይ የሚታረሰው መሬት ነው እንጂ ካባ አይደለም፤ አንድ ካባ የሚይዘው ጥቂት ሄክታር ብቻ ስለሆነ በአንድ ወረዳ ከሚታረሰው መሬት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ቀጥሎም ካባ ድንጋይ በመሆኑ አይሸረሸርም፣ መርዝም የለበትም፣ አባይም ቢሆን ድሮም ደፍርሶ የሚወርድ ወንዝ ነው ይላል። ችግር ቢኖር እንኳ ከግርጌ አንድ የደለል ማጥመጃ ኩሬና ጥቂት ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ይበቃል የሚለው ሦስተኛው ነጥቡ ነው። በአራተኛ ደረጃ ከዚህ ያለፈ የውኃ ሥራ መጠየቅ የጠጠርን ዋጋ አንሮ በማኅበር የተደራጁትን ወጣቶች ከሥራ እንደሚያወጣ ያስጠነቅቃል። በመጨረሻም ካባው ድንጋዩን ሲጨርስ ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል፣ ዳሩም ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ መሬቱም በጊዜው ያገግማል ሲል ይደመድማል።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ የቀሩት ሁሉ የቆሙት በእርሱ ላይ ነውና። ጸሐፊው የእርሻ መሬት ብዙ አፈር ያጣል ማለቱ ትክክል ነው፤ ይህን ሳላቅማማ እቀበላለሁ። ከደምበጫ በስተ ሰሜን በሚገኘው በአንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተው የምርምር ጣቢያ ለብዙ ዓመታት የመዘገበው፣ በሃንስ ሁርኒ የተመራውም ጥናት የአገሪቱ የእርሻ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚያጣ የገመተው ይህንኑ ያሳያል። ካባ ከመከፈቱ በፊት የነበሩ ቦረቦሮችም፣ ማለትም ጎርፍ የቆፈራቸው ጥልቅ ቦዮች፣ አሉ። አያቴ በልጅነታቸው ከብት ይጠብቁበት የነበረው መስክ በእርሳቸው ዘመን ለሁለት ተከፍሏል፤ በዚያን ጊዜ በአካባቢው አንድም ኤክስካቫተር አልነበረም።

ጸሐፊው የሳተው ግን ጉዳዩን በሄክታር ብቻ መለካቱ ላይ ነው። ውኃ የሚጎዳው በመብዛቱ ብቻ ሳይሆን በመሰብሰቡ ነው። ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። 5 ሄክታር የሆነ ካባ እናስብ፤ ሣሩና አፈሩ ተገፍፎ፣ በዶዘርና በገልባጭ መኪና ተረግጦ ጠጥሯል። በግማሽ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልበት፣ በእኛ አገር ሰኔና ሐምሌ ላይ የማያስደንቅ ዝናብ ነው፣ በቦታው ላይ የሚያርፈው ውኃ 1,500 ሜትር ኩብ ይሆናል። እንዲህ ካለ የጠጠረ መሬት ከመቶ ሰባው እጅ ወደ ታች ይሄዳል ብንል 1,050 ሜትር ኩብ ነው። ያው መሬት በሣር ወይም በታረሰ አፈር ላይ ቢሆን ኖሮ ከመቶ ሠላሳው እጅ፣ ማለትም 450 ሜትር ኩብ ያህል ይወርድ ነበር። እስከዚህ ድረስ ልዩነቱ ከእጥፍ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ጸሐፊው «ከቁጥር አይገባም» ቢል ሊከራከር ይችል ይሆናል።

አሁን ደግሞ ውኃው በየት በኩል እንደሚወጣ እንይ። ከማሳ ወይም ከግጦሽ የሚወርደው ውኃ 250 ሜትር በሚሆን የታችኛው ዳር ተበትኖ ይወርዳል፤ ሲካፈል በእያንዳንዱ ሜትር ስፋት በሰከንድ አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ሣር ያለበት ዳር ይህን ያለ ችግር ይሸከመዋል። ከካባው የሚወጣው ግን ገልባጩ በሚመላለስበት፣ 3 ሜትር ስፋት ባለው የመንገድ አፍ ነው። 1,050 ሜትር ኩቡ በግማሽ ሰዓት ሲወርድ በሰከንድ ከ580 ሊትር በላይ ነው፤ ይህ በሦስት ሜትር ሲካፈል በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ወደ 200 ሊትር ይደርሳል። እንግዲህ የሄክታሩ ጥቂትነት ምኑን ያድነዋል? ከዚያ ሥር ያለ አፈር በአንድ ሜትር አንድ ሊትር የለመደ ነው፤ በድንገት ሁለት መቶ ሲመጣበት ተቀድዶ ቦረቦር ይሆናል። በዚህ ላይ ካባው የተከፈተው በተዳፋት ወገብ ላይ ስለሆነ ከበላዩ ያለውን የጋራውን ውኃ ጭምር ይጠልፍና በዚያው አንድ አፍ ያወጣዋል።

የአጎቴን ማሳ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ጤፍ ተዘርቶ፣ ከብት ተነድቶበት መሬቱ ከተረገጠ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። በማግሥቱ ስንደርስ ከካባው መንገድ ሥር የሚነሣ፣ አንድ ክንድ የሚጠልቅ ቦይ ማሳውን ሰያፍ አቋርጦት አገኘን። ከቦዩ ግራና ቀኝ ደግሞ እንደ ቡጢ ካለ ድንጋይ ጀምሮ እስከ ቀይ ደቃቅ አፈር ድረስ ገረጋንቲ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ከማሳው ግርጌ ያለው አሮጌ ቦረቦር ወደ ላይ መብላት የጀመረውም በዚያ ክረምት ነው። በግንቦት ከቦረቦሩ ራስ 5፣ 10 እና 15 ሜትር ርቀት ላይ ሦስት ካስማዎች ተክዬ ነበር። መስከረም ላይ ስመለስ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ሁለተኛውም አልነበረም። ቦረቦሩ በአንድ ክረምት 11 ሜትር ሄዷል። ካባው የማን እንደሆነ እዚህ መናገር አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የአንድ ሰው ክፋት ሳይሆን የአሠራር ነውና።

የጎጃም ገበሬ ይህን የውኃ ሕግ ከማንኛውም መሐንዲስ በፊት ያውቀዋል። ማሳው ውኃ እንዳይተኛበት በማረሻ ፈሰስ ያወጣል፤ ነገር ግን ፈሰሱን በጎረቤቱ ማሳ ላይ እንዲሁ አይለቅም። ቢለቅ ያጣላል፣ ሽማግሌ ያስቀምጣል፣ ካልሆነም ቀበሌ ያደርሳል። ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት ጥያቄም «ዝናቡን ማን አዘነበው?» የሚል አይደለም፤ «ውኃውን ማን ሰበሰበው? የትስ ለቀቀው?» የሚል ነው። እኔ ካባውን የምጠይቀው ከዚህ አልፎ አይደለም። በአንድ ጥማድ ማሳ ላይ የሚሠራው ሕግ በ5 ሄክታር ካባ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

«ካባ ድንጋይ ነው፣ አይሸረሸርም» የሚለው ብዙ መልስ አይፈልግም። ባዛልቱ ጋ፣ ማለትም የሚፈለገው ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ጋ፣ ለመድረስ መጀመሪያ በላዩ ያለው ቀይ አፈርና የበሰበሰ ድንጋይ ይገፈፋል፤ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ከ5 ሄክታር 50,000 ሜትር ኩብ ልቅ አፈር ይወጣል። ይህ አፈር በብዙ ቦታ የሚከመረው ወደ ሸለቆው አፋፍ ተገፍቶ ነው። ሣር የለበትም፣ አልተጠቀጠቀም፤ የሚታጠበውም በመጀመሪያ እርሱ ነው። የክሬሸሩ፣ የድንጋይ መፍጫው ማሽን፣ ብናኝ ደግሞ ለመታጠብ ከእርሱም ይቀላል። ድንጋዩ በቦታው ይቀራል፤ ወደ ታች የሚሄደው ድንጋዩን የሸፈነው ነው።

መርዝ የለበትም ለሚለው ግን ግማሽ መንገድ አብሬው እሄዳለሁ። በአንዳንድ የወርቅና የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫዎች እንደሚታየው ያለ አሲድ ከባዛልትና ከኖራ ድንጋይ አይወጣም፤ እንዲያውም የኖራ ድንጋይ አሲድን ያበርዳል። ነገር ግን በአባይ ሸለቆ፣ በደጀን በኩል ባለው ቁልቁለት፣ ከኖራ ድንጋዩ ሥር ጂፕሰም አለ፤ ጂፕሰም ደግሞ በአንድ ሊትር ውኃ ከ2 ግራም በላይ ይሟሟል፤ የገባበት ምንጭ ውኃው ይከብዳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። ከሁሉ በላይ ጭቃ ራሱ ጉዳት ነው። የምንጭ ዓይን ይደፍናል፣ የመስኖ ቦይ ይሞላል፣ ከብት የሚጠጣበትን ኩሬ ያጎድላል። አባይ ድሮም ይደፈርስ ነበር ማለት ደግሞ የደለሉን ዋጋ አያስቀርም፤ በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው የሮዛሪስ ግድብ ከነበረው የመያዝ አቅም ሲሶ ያህሉን በዚህ ደለል አጥቷል፤ የእኛ የሕዳሴ ግድብም የተቀመጠው በዚያው ወንዝ ላይ ነው። በዚህ ውስጥ የካባዎች ድርሻ ከእርሻው ያነሰ መሆኑን አልክድም። ለአጎቴ ግን የሚታየው ሮዛሪስ አይደለም፤ የራሱ ማሳ ነው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ስመጣ በጉዳዩ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ቅን ሰዎች የሚስማሙበት፣ ብዙ ገንዘብም የሚባክንበት ስለሆነ ነው። ጸሐፊው «ከግርጌ አንድ ኩሬ ቆፍረን ደለሉን እናጠምዳለን፣ ጋቢዮን እንጨምራለን፣ አለቀ» ይላል።

ባለፈው ሐምሌ ከዚያው ካባ መንገድ አፍ ላይ በሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ቀድቼ ቤት ወስጄ መስኮት ላይ አስቀምጬው ነበር። አሸዋው ቤት ሳልደርስ ከሥር ተኝቶ ነበር። ምሽት ላይ በላዩ ጣት የማያህል ደቃቅ አፈር ተነጥፎበታል። ከዚያ በላይ ያለው ግን በሁለተኛው ቀን፣ በሦስተኛውም ቀን ሻይ መስሎ ቆየ። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሚሆን አሸዋ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው የረጋ ውኃ ውስጥ ለመዝቀጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ከእርሱ የደቀቀው ደለል አንድ ሰዓት ሊጠጋ ይችላል፤ እጅግ ደቃቁ፣ ሸክላ የሚባለው የአፈር ብናኝ ግን ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የደጋው ቀይ አፈራችንም ሆነ ዋልካው ደግሞ በሸክላ የተሞላ ነው።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚቆፈረውን፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነና 1.5 ሜትር የሚጠልቅ ኩሬ እንውሰድ። የሚይዘው 150 ሜትር ኩብ ነው። ቀደም ብለን ያሰላነው ጎርፍ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሞላዋል፤ ለቀሪው ሃያ አምስት ደቂቃ ውኃው በላዩ እየፈሰሰ ያልፋል። ሁለት ከባድ ዝናብ ካለፈ በኋላ ደግሞ ኩሬው በአሸዋ ይሞላል፤ ካልተጠረገ የለም ማለት ነው። ኩሬ አያስፈልግም አላልሁም፤ ያስፈልጋል፤ አሸዋውንና ከባዱን ደለል ያጠምዳል። የመጨረሻ መረብ ነው እንጂ የመጀመሪያ መከላከያ ሊሆን አይችልም።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ፤ የካባ ጎርፍ ሥራም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። መጀመሪያ ከካባው በላይ፣ ገና ያልደፈረሰው የጋራ ውኃ ወደ ካባው ሳይገባ በጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይያዝና ሣር ወደለበሰ ወይም ድንጋይ ወደሆነ የተፈጥሮ መውረጃ ይወሰዳል። ቦዩ በ100 ሜትር ርዝመት ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ብቻ ዝቅ ማለት አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ቦዩ ራሱ ቦረቦር ይሆናል፤ ይህ ሲሆን ደጋግሜ አይቻለሁ። ቀጥሎ በአንድ ጊዜ የሚገፈፈው መሬት ለዓመቱ ሥራ በሚበቃው ልክ ይወሰናል፤ ያልተገፈፈ መሬት አይታጠብምና። የተገፈፈው ለም አፈር ለብቻው፣ ከሁለት ሜትር ባልበለጠ ክምር ተደርጎ ሣር ይዘራበታል፤ ደሾና ቬቲቨር የሚባሉት ሣሮች በአገራችን በደንብ ይበቅላሉ። የገልባጩ መንገድ ደግሞ በየተወሰነ ርቀት ውኃውን ወደ ጎን በሚያወጣ ዝቅ ያለ ማቋረጫ ይከፋፈላል፤ ከካባ የሚወጣ ጎርፍ ዋና ወንዙ መንገዱ ነውና። የካባው ወለል ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ወደ ግድግዳው እንዲያዘነብል ቢደረግ ወለሉ ራሱ ትልቅ ኩሬ ይሆናል፤ ይህ ሥራ ከሎደር ኦፕሬተሩ ጥንቃቄ በቀር ምንም ወጪ የለውም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈው ውኃ ነው ወደ ማጥመጃው ኩሬ የሚሄደው፤ ከኩሬውም ሲወጣ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ተበትኖ እንጂ በአንድ ቱቦ ተወርውሮ መሆን የለበትም።

ጋቢዮንን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ዋልካ አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። የመጀመሪያው የሰኔ ጎርፍ በስንጥቁ ገብቶ በጋቢዮኑ ሥር ወይም በጎኑ ያልፋል፤ በነሐሴ የሽቦ ሳጥኑ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ክትር፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ የሚሠራ ትንሽ ግድብ፣ የሚይዘው ሁለቱም ጎኖቹ ወደ ዳሩ ጠልቀው ሲገቡ፣ መሐሉ ዝቅ ብሎ ውኃው በዚያ ሲያልፍ፣ ከፊቱም ውኃው የሚያርፍበት ድንጋይ ሲነጠፍ ነው። ርቀቱም በግምት አይደለም፤ የታችኛው ክትር ራስ ከላይኛው እግር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከመቶ አምስት በሚያዘቀዝቅ ቦረቦር ውስጥ አንድ ሜትር ከፍታ ያላቸው ክትሮች በየ20 ሜትሩ ማለት ነው። በባሕር ዳርና በአዴት መካከል ባለው የደብረ መዊ ተፋሰስ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ሌላ ነገር አሳይተዋል፤ በዝቅተኛው መሬት ያሉ ቦረቦሮች የሚሰፉት ከላይ በሚመጣ ጎርፍ ብቻ ሳይሆን የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ብሎ ዳሮቹን ሲያረካቸው በመደርመስ ነው። እንዲህ ላለው ዳር ጋቢዮን ብቻውን መድኃኒት አይሆነውም።

አራተኛው ነጥብ ልብ የሚነካ ነው፤ ማንም ወጣት ከሥራው እንዲወጣ አልፈልግም። ግን ወጪውን እናስላው። ከካባው በላይ 300 ሜትር የሚረዝም መቀልበሻ ቦይ፣ ከሥር 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከላይ 1.4 ሜትር ስፋት፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የሚወጣው አፈር 240 ሜትር ኩብ ነው። ይህ የ15 ሲኖትራክ ጭነት ነው፤ በቦታው ላይ ቆሞ ላለ ኤክስካቫተር ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን ሥራ አይበልጥም። አንድ ካባ በአንድ የሥራ ቀን የሚጭነውን ድንጋይ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያከስር ወጪ አይደለም። ኤክስካቫተር የሌላቸው፣ በመዶሻና በዲጂኖ የሚሠሩ ማኅበራት ግን ይህን ብቻቸውን ሊችሉ አይችሉም፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ነው። መልሱ ግን ቦዩን መተው አይደለም፤ ቦታው ለማኅበሩ ከመሰጠቱ በፊት ወረዳው ቦዩን አስቆፍሮ ማስረከብ አለበት። ወጣቶቹ የሚጀምሩት በተዘጋጀ ቦታ ይሆናል ማለት ነው።

ጸሐፊው ያልቆጠረው ወጪም አለ። በየዓመቱ ጥርና የካቲት የቀበሌያችን ገበሬዎች ወንድ ሴት ሳይሉ ለተፋሰስ ልማት ያለ ክፍያ ይወጣሉ፤ እርከን ይሠራሉ፣ ክትር ይክባሉ። እርከን የሚሠራው ከማሳው በላይ ያለውን የተበተነ ውኃ እንዲይዝ ተቀይሶ ነው። ከካባው የተሰበሰበው ጎርፍ የመጀመሪያውን እርከን ሲሰብር፣ የያዘውንም ጨምሮ ሁለተኛው ላይ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ሦስተኛውን ያፈርሳል። እኔ የቀየስኋቸው ስድስት እርከኖች በአንድ ከሰዓት በኋላ ከላይ እስከ ታች በተመሳሳይ ቦታ ተቀድደው አይቻለሁ። የአንድ ቀበሌ ሕዝብ የሁለት ሳምንት ጉልበት ነበር። ስለዚህ ቦዩ ባለመቆፈሩ ጠጠሩ አልረከሰም፤ ከዋጋው ከፊሉን የሚከፍለው ከሥር ያለው ገበሬ ሆኗል እንጂ። ሕጉም ቢሆን በዚህ ላይ ዝም አላለም። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ለመሬት ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመደብ ይጠይቃል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን እንዲከፍል ያዛል። አዲስ ነገር አልጠየቅንም።

የቀረው የመጨረሻው ነው፤ «ሲያልቅ ያገግማል» የሚለው። ጸሐፊው በአንድ ነገር ትክክል ነው፦ ዛፍ ይረዳል። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች በተጎዳ መሬታቸው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ ተክለው፣ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ እየዘሩ፣ ቆይቶም ከሥሩ ሣር እያጨዱ፣ መሬቱንም ኑሯቸውንም ለውጠዋል። ልብ እንበል፤ አፈሩን የያዘው ከዛፉ ሥር ያለው ሣር ጭምር ነው። ሥሩ የተራቆተ ባሕር ዛፍ በተዳፋት ላይ ሲሆን ግን ጠብታው ከቅጠሉ ተሰብስቦ ገላጣ አፈር ላይ ይወርዳል፤ ጎርፉም እንደነበረ ይቀጥላል። ከዚያም በላይ፣ ለም አፈሩ በመጀመሪያው ዓመት ከኮረት ጋር ተደባልቆ ወደ ሸለቆ ከተገፋ፣ ከ15 ዓመት በኋላ ዛፉ የሚተከልበት ምን ይቀራል? ማገገም የሚጀመረው አፈሩ በተገፈፈበት ቀን ነው፤ በአንዱ ጥግ ድንጋይ ሲያልቅ ያ ጥግ ወዲያው አፈር ይመለስበታል፣ ሥራውም ወደ ቀጣዩ ይሄዳል።

ጉድጓዱ ኩሬ ይሁን የሚለውን ሐሳብ ግን በአባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ላሉ ካባዎች በጽኑ እቃወማለሁ። ሸለቆው ከ1,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፣ ባዛልት፣ አሸዋ ድንጋይ፣ ኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ተደራርበው የሚታዩበት ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በመሬት መንሸራተት ስንት ጊዜ እንደተጎዳ በዚያ የተጓዘ ሁሉ ያውቃል፤ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ወደ ውስጥ የሰረገው የክረምት ውኃ ነው። በእንዲህ ያለ አፋፍ ላይ ውኃ ማቆር የታችኛውን መሬት እያረኩ መጠበቅ ነው። በሜዳማ ቦታ፣ ዳሩ ተስተካክሎና ታጥሮ ከሆነ፣ ኩሬው ለከብት መጠጥ ሊውል ይችላል፤ ዳሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተተወ ጉድጓድ ግን ለእረኛ ልጅ አደጋ ነው።

ጸሐፊውን አላውቀውም፤ ቅን ሰው እንደሆነ ግን ከጽሑፉ ተረድቻለሁ። ስለዚህ በሚመጣው ሰኔ፣ መሬቱ ገና ባዶ ሆኖ ጎርፉም ከክረምቱ ሁሉ ይበልጥ አፈር በሚሸከምበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ወደ አጎቴ ማሳ እንዲመጣ እጋብዘዋለሁ። ከዚያ በፊት፣ በግንቦት፣ የካባው ባለቤቶች ከላይ ያለውን ቦይ ከቆፈሩ ልዩነቱን አብረን እናያለን፤ ካልቆፈሩም እንዲሁ። ሦስተኛው ካስማ እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው፤ ከቦረቦሩ ራስ እስከ እርሱ 4 ሜትር ቀርቷል።